ያቺን የውሃ ማጣሪያ ስትሮ እንዳትገዙ

ሆዴ ገና አልተመለሰም። ንዴቴም እንደዚያው። ይህን የምጽፈው ከሱቁ ተመልሼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው።

የቦሌን የካምፒንግ ዕቃ ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ድንኳን፣ "ኦሪጂናል ነው፣ የአሜሪካ ነው" የሚል ልጅ። ከመስቀል በኋላ ስሜን ተራሮች ልወጣ ስዘጋጅ አንዱ ጋ ገባሁ። ልጁ ውሃ ውስጥ ቀይ የምግብ ቀለም ጠብ አደረገና ስትሮዋን ጠርሙሱ አፍ ላይ ገጥሞ ጨመቀ። ውሃው ኩልል ብሎ ወጣ። "0.1 ማይክሮን ነው፣ ባክቴሪያ አያሳልፍም" አለኝ። ካርቶኑም እንደዚያ ይላል። 3,800 ብር። "በደረሰኝ ከሆነ ቫት ይጨመርበታል፣ ያለ ደረሰኝ ላድርግልህ?" 570 ብር በከንቱ ማን ይጥላል? "ያለ ደረሰኝ" አልኩ። ብሩንም የላክሁት በአንድ ግለሰብ ሒሳብ ነው። ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

የሰፈርነው ግጭ ነው፣ 3,600 ሜትር ላይ። አብሳያችን ጠና ያሉ ሰው ናቸው። "ልጄ፣ ውሃውን ላፍላልህ" አሉኝ። እኔ ሆዬ "ተዉት አባቴ፣ ማጣሪያ አለኝ" ብዬ በቅሎዎቹ ከሚጠጡበት ጅረት ተንበርክኬ ጠጣሁ። ጓደኛዬ በስልኩ ይቀርጸኛል ደግሞ! ስስበው እንደ ሚሪንዳ ስትሮ ሳይታገለኝ መጣ። ደህናው ማጣሪያ እኮ መጀመሪያ ላይ ጉንጭ እስኪሰረጉድ ነው የሚያስስበው። ማን አስቦት።

ከተመለስኩ በሳምንቱ ጀመረኝ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን ግሳት የሚያውቅ ያውቀዋል። ክሊኒክ ሄድኩ፣ ሰገራ ታየ፣ ጃርዲያ። ያንን አፍ ውስጥ ብረት ብረት የሚል ቲኒዳዞል ውጬ ስትሮዋን በቢላ ሰነጠቅኳት። የከሰል ፍርፋሪ፣ ከላይና ከታች ጥጥ። አለቀ። ካርቶኑ ላይ የተሳሉት፣ ጀርሙን የሚያስቀሩት ቀጫጭን ክሮች የሉም። ከሰል ቀለምና ሽታ ይይዛል እንጂ ጃርዲያን አያስቀርም። ቀዩ ቀለም የጠፋው ለዚህ ነበር። እኔን ያሳመነኝም እሱ ነው።

ዛሬ ጠዋት ይዣት ሄድኩ። ልጁ አወቀኝ፤ ዓይኑ ላይ አየሁት። ስትሮዋን ባንኮኒው ላይ ገለበጥኳት፣ ከሰሉ ተበተነ። ምንም አላለም። በመዳፉ ጥርግ አድርጎ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ከተተው። ማስረጃዬን እኮ ነው! ከዚያ እጁን በሱሪው እየጠረገ ፈገግ አለ።

"ደረሰኝ ይዘሃል ብሮ?"

"ራስህ አይደለህ እንዴ ያለ ደረሰኝ ላድርግልህ ያልከኝ?"

"እኛ ያለ ደረሰኝ አንሸጥም።"

ይህን ሲል ዓይኔን እያየ ነው። ድምፁ እንኳ ከፍ አላለም። ጥግ የተቀመጠችው ካሸር ከስልኳ ቀና ሳትል "ተራራ ወጥቶ ለታመመ ሁሉ ብር ልንመልስ ነው እንግዲህ" አለች። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ምን መልስ አለኝ? ቫት ላለመክፈል የተስማማሁት እኔው ነኝ። የት ሄጄ ልክሰስ? እዚያው እንደቆምኩ ባልና ሚስት የሚመስሉ ሁለት ሰዎች ገቡ። ልጁ ጠርሙሱን አነሳና ቀይ ቀለሙን ጠብ አደረገ። ደረጃው ላይ ጠብቄ ነገርኳቸው። ገዝተው ነበር።

ለማንኛውም ውሃችሁን አፍሉ። ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ግጭ ላይ 88 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው የሚፈላው፣ ግን ይበቃል። ውሃ አጋር፣ ያ ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን፣ ለባክቴሪያ ጥሩ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁት። ጃርዲያን ግን ክሎሪን ቶሎ አይገድለውም፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይብስበታል። ማጣሪያ የምትገዙ ከሆነ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ብሩንም በሱቁ ስም ላኩ። አብሳዩ ላፍላ ካሏችሁ ደግሞ እሺ በሏቸው።