የሙጋል የአደን ሥዕል፦ የባዛሩ «አሮጌ» ይሻላል ወይስ ፕሪንት?

ዴሊ ለትምህርትም ለሕክምናም የመጣ ሰው ሁሉ አገሩ ሊገባ ሲል «ያቺን የሙጋሉ (ድሮ ሕንድን የገዛው ሥርወ መንግሥት) ንጉሥ በአቦሸማኔ የሚያድንባትን ሥዕል የት ልግዛት» ይለኛል፣ ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው። እኔ ፕሪንት፣ ማለትም ሙዚየም ውስጥ ያለውን ሥዕል ፎቶ ወረቀት ላይ ማሳተም፣ ነው የምለው።

ባዛር ውስጥ፣ ጃይፑር በሉት ኡዳይፑር፣ የሚያወጡላችሁ የድሮ የሒሳብ መዝገብ ወይም ቴምብር ያለበት ወረቀት ላይ የተሳለ ነው። ወረቀቱ እውነትም አሮጌ ነው፣ ሥዕሉ ግን ባለፈው ወር ያለቀ ሊሆን ይችላል። «200 ዓመቱ ነው» ካላችሁ ደግሞ አስቡበት፣ የሕንድ ሕግ (በ1972 የወጣው፣ እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከ100 ዓመት በላይ የሆነ ሥዕል ይዞ መውጣት ይከለክላል፣ ስለዚህ ወይ እየዋሸ ነው ወይ ኤርፖርት ላይ ጉድ ሊያደርጋችሁ ነው። የዝሆን ጥርስ የሚሉትም ብዙ ጊዜ የግመል አጥንት ነው፣ እውነት ከሆነማ ባሰ!

ዋጋው 6,000 ሩፒ ብሎ ይጀምራል፣ ስትነሱ 2,500፣ በሩ ጋ ስትደርሱ 1,200። ደላላ ይዟችሁ ከገባ የሱም ኮሚሽን እናንተው ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ 1,800 ከፍሎ ወሰደ፣ ወርቅ የተባለው የነሐስ ዱቄት ኖሮ አዲስ አበባ ክረምቱ ሳይወጣ አረንጓዴ ሆነ፣ ነጩ ቀለም መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ፣ ፍሬም ሠሪው «ባልነካው ይሻላል» ብሎ መለሰለት። የአቦሸማኔዎቹ ነጠብጣብ ራሱ እንደ እንጀራ ዓይን ዝም ብሎ የተበተነ ነው፣ የሙጋሉ ንጉሥ የአክባር ሠዓሊዎች እነ ሚስኪን እኮ በሽኮኮ ጸጉር ብሩሽ የእንስሳውን ጸጉር አንድ በአንድ ነበር የሚያወጡት።

ፕሪንት ላይ ግን ፋይሉ ነጻ ነው። የአሜሪካው ሙዚየም ስሚዝሶኒያን ከ2020 ጀምሮ ለቆታል፣ የሙጋሉ ልዑል ዳራ ሺኮህ ኒልጋይ (ትልቅ የሕንድ አጋዘን መሰል እንስሳ) ሲያድን የሚያሳየው፣ የሠዓሊው የፓያግ ነው የሚባለው፣ እዚያ አለ፣ አረንጓዴው ጭልም ያለ ስለሆነ ፕሪንት ላይ ያምራል። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየምም ከ2017 ወዲህ እንደዚሁ ነው። አክባር በ1567 ላሆር አጠገብ እንስሳውን በሰው አስከብቦ ያደነበት ደግሞ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው ያለው። ኤ3 ጥጥ ወረቀት ላይ ከ500 ሩፒ ብዙም አይርቅም፣ የሚያብለጨልጭ የፎቶ ወረቀት ላይ እንዳታሠሩ ብቻ። ጠቅልላችሁ ውሰዱትና ፍሬሙን አገር ቤት አሠሩ፣ መስታወቱ ሥዕሉን እንዳይነካ መሀል ካርቶን ይግባበት።

ገንዘብ ያለው፣ ከ15,000 በላይ የሚያወጣ፣ ዋስሊ (ተደራርቦ የተለጠፈ የእጅ ሥራ ወረቀት) ላይ የሚሠራ ሠዓሊ ፈልጎ ያሠራ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ስሙንና ዓመቱን ጀርባው ላይ ይጻፍላችሁ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ፣ ጉምሩክ «አሮጌ ነው» ካላችሁ እሱን ነው የምታሳዩት።