ጎባ ላይ አባቴን እንደ አባቷ ለያዘችልኝ እህቴ

አባቴ ጎባን ካየ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከተማዋ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን አስተማሪ ሆኖ የተመደበው እዚያ ነው። "ዓይኔ ሳይደክም አንዴ አሳዩኝ" እያለ ከረመ። ባለፈው ወር እኔና ወንድሜ ይዘነው ሄድን። በአሰላና በዶዶላ አድርገን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳን። ዲንሾ ላይ አጋዘኖቹን ለማየት ስለቆምን ጎባ የገባነው መሽቶ ነው። ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል።

ያረፍንባት ገስት ሃውስ አራት ክፍል ብቻ ያላት ናት። ባለቤቷ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። አባቴ ከመኪና ሲወርድ አካሄዱን አየች። ፎቅ የተያዘልንን ክፍል ትታ ምድር ቤት ያለውን ከፈተችልን። ማንም አልጠየቃትም። "አባባ፣ ደረጃው ይቅርብዎት" አለችው፣ በቃ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። አባቴ ብርድ አይችልም። ከሰል በምድጃ አድርጋ ክፍሉ ውስጥ እንድታስቀምጥለት ለመናት። እምቢ አለች። እሱ ተቆጣ፤ "እኔ እዚህ አገር ስንት ክረምት በከሰል ያደርኩ ሰው ነኝ!" አላት። እሷ አልተቆጣችም። አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ እጁን ይዛ፣ "አባባ፣ በር ዘግተው ከሰል ይዘው ከተኙ መርዙ አይሸትዎትም፣ አይቀሰቅስዎትም። የፈለጉትን ይዘዙኝ፣ ይሄን ግን አላደርግም" አለችው። ከዚያ ወጥታ ሁለት ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ይዛ መጣች። አንዱን በፎጣ ጠቅልላ እግሩ ሥር፣ ሌላውን ወገቡ ጋ አደረገችለት። ከብርድ ልብሱ በላይ ወፍራም ጋቢ ደረበችበት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስነሳ ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት፤ ውሃውን ልትቀይርለት ነበር። አባቴ እስከ ንጋት አልነቃም።

እንግዳ ደስ እንዲለው ብሎ "እሺ" የሚል ብዙ ነው። ከዚህ በፊት ሌላ ከተማ ያደርንበት ቤት ሙቅ ውሃ አለ ተብለን፣ እኩለ ሌሊት ላይ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበናል። እሷ የሌላትን የለኝም ትላለች፣ የሚጎዳችሁን አይሆንም ትላለች።

በማግስቱ ሳነቲ እንውጣ ስንል አሁንም አስቆመችን። "ዛሬ ይረፉ፣ ውሃ ይጠጡ፣ ነገ ይወጣሉ።" ልክ ነበረች። ሳነቲ ሜዳው ራሱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከፍተኛው ጫፉ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር። ሳይላመዱ የወጡ እንግዶች ራሳቸውን ይዘው፣ እያስመለሳቸው ሲመለሱ አይታለች። እኛ ያን ቀን አባቴ ያስተማረበትን ሰፈር ስንዞር ዋልን። ያለቀሰበት ቦታ አለ፤ እሱን ለራሱ እተወዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን በጠዋት ወጣን። በላስቲክ የቋጠረችልን ጨጨብሳ ገና ሙቅ ነበር። ቀይ ቀበሮዋ ቀን ስለምታድን ፍልፈል የበዛበት ቦታ ላይ መኪናውን አጥፍተን ዝም ብለን እንድንጠብቅ ነግራናለች። ሃያ ደቂቃ አልቆየንም። ጅብራው መሃል ብቻዋን፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ መጣች። አባቴ የመኪናውን መስታወት በመዳፉ እየጠረገ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ አያት። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 በታች ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚሁ ባሌ ነው ያሉት። የእብድ ውሻ በሽታ እንደሚፈጃቸው የነገረችንም እሷ ናት። የግቢዋን ውሻ ያስከተበችው ለዚህ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡን ስታወራ ፊቷ ይበራል።

ሦስት ሌሊት ስናድር መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቷል፤ ይህን አልደብቅም። ሁለቱንም ጊዜ ሻማው ቀድሞ ተለኩሷል።

አዲስ አበባ በገባን ማታ ስልክ ደወለች። "አባባ በሰላም ገቡ? ወገባቸውስ?" አለችኝ። ስልኩን ለአባቴ ሰጠሁት። "ልጄ" ብሎ ጀመረና ብዙ መናገር አቃተው።

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ውለታሽ አለብኝ። "ስሜን ፌስቡክ ላይ እንዳትጽፊ" ስላለችኝ አልጻፍኩም። ወደ ጎባ የምትሄዱ ግን በውስጥ መስመር አናግሩኝ፣ አስፈቅጄ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉ አዛውንት ወይም ሕፃን አብሯችሁ ካለ አስቀድማችሁ ንገሯት። የምድር ቤቱን ክፍል ታስቀምጥላችኋለች።