በሪ ሴንት ኤድመንድስ፦ የመስከረም በሮች ወይስ የገዳሙ ፍርስራሽ?

በዚህች የእንግሊዝ የገበያ ከተማ ታሪክን ያለ ክፍያ ለማየት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው የቅርስ ክፍት ቀናት ነው፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ በመላው እንግሊዝ ዘወትር የሚዘጉ ወይም የሚያስከፍሉ ሕንጻዎች በነጻ ይከፈታሉ። ጊዜው ግን አጭር ነው።

ሁለተኛው የገዳሙ ፍርስራሽ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በነጻ ይጎበኛል። እ.ኤ.አ. በ869 የተገደለው የምሥራቅ አንግሊያ ንጉሥ ኤድመንድ አስከሬኑ ያረፈበት ይህ ታላቅ ገዳም በ1539፣ በእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን ተዘጋ፤ ድንጋዩም ለሌላ ግንባታ ተወሰደ። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምዕራባዊ ግንብ ውስጥ መኖሪያ ቤቶች መሠራታቸው ነው! የተረሳ ቅርስ ሳይሆን ጎረቤት ይመስላል።

ስለዚህ እኔ ፍርስራሹን አስቀድማለሁ። መስከረም ላይ የደረሰ ሰው ግን ፍርስራሹን ለማግስቱ ያቆይና በተከፈተው በር ይግባ።