ሳነቴ ላይ የማለዳ ፎቶ ላስተማረኝ አስጎብኚ ምስጋና

ባለፈው ኅዳር ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሄድኩበት ጊዜ ከዲንሾ አብሮኝ የወጣውን አስጎብኚ በአደባባይ ለማመስገን፣ የመልክዓ ምድር ፎቶ ለማንሳት ወደዚያ ለምታስቡ ሁሉም እሱን ለመጠቆም ይህን ጽፌያለሁ። ስሙንና ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ ማስፈር ስላልወደድኩ፣ ለምትፈልጉት ጠይቄው በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ።

ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ያለ እሱ በፓርኩ ውስጥ ወዳለው ከፍተኛ አምባ፣ ወደ ሳነቴ፣ ወጥቼ ነበር። በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ ያማሩ የመሰሉኝን ፎቶዎች ቤት ገብቼ በኮምፒውተር ስከፍታቸው፣ በአንዳንዶቹ የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጥርት ብሎ ከፊቱ የቆመው ጅባራ (ረጅሙ የውርጭ አገር ተክል) ደብዝዟል፤ በሌሎቹ ደግሞ ተራራውም ጅባራውም ደብዝዘዋል። በጣም አዝኜ ነበር። እነዚያን ፎቶዎች ለአስጎብኚው ባሳየሁት ጊዜ ምክንያቱን ወዲያው ነገረኝ፦ ጎህ ሲቀድ ብርሃኑ ከማነሱም በላይ ጉሙ የጨለማውንና የብርሃኑን ልዩነት ስለሚያሳሳው አውቶፎከሱ (ፎከሱን በራሱ የሚያስተካክለው የካሜራው ሥርዓት) የሚይዘው ጠርዝ ያጣል፣ ሌንሱ ወዲያና ወዲህ ሲዋልል ይቆይና ባልታሰበ ቦታ ላይ ይቆማል።

ከጎባ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተን ከ4,000 ሜትር ከፍታ በላይ ስንደርስ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር። ትራይፖዱን አንድ ጅባራ ፊት ካቆምን በኋላ፣ ከሌንሱ እስከ ቅርቡ ቅጠል ያለውን ርቀት በያዘው ዱላ ለካ፤ 90 ሴንቲሜትር ገደማ ሆነ። ቀጥሎ የዚያኑ እጥፍ፣ 1 ሜትር ከ80 ያህል ቆጥሮ፣ በግንባሩ ያሰራትን ባትሪ ፈትቶ እዚያ ርቀት ላይ ካለ ድንጋይ ላይ አስቀመጣትና «ፎከሱን እዚህች መብራት ላይ አድርጊው» አለኝ። ካሜራውን ፎከሱ በእጅ ወደሚስተካከልበት ማንዋል ቀይሬ፣ ስክሪኑን 10 እጥፍ አጉልቼ፣ የሌንሱን ቀለበት ቀስ እያልኩ ሳዞር የመብራቷ ነጥብ እየጠበበች ሄደች፤ መልሳ መስፋት ስትጀምር ቀለበቱን ጥቂት መለስ አደረግሁት። «በቃ እህቴ፣ ከእንግዲህ አትንኪው» ብሎ ባትሪውን አነሣ።

ይህ ዘዴ የቆመበት ስሌት ቀላል ነው። ሙሉ ፍሬም (የፎቶ መቅረጫው 36 በ24 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ) ባለው ካሜራ፣ በ24 ሚሊሜትር ሌንስና በኤፍ 11 (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ መጠን፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፣ ፎከሱ 1 ሜትር ከ80 ገደማ ላይ ሲያርፍ ከ90 ሴንቲሜትር አንሥቶ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ ለዓይን በሚበቃ መጠን ይጠራል። ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 22 ላጥብበው ብዬ ጠይቄው ነበር፤ ብርሃን በጣም በጠበበ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን መላው ፎቶ ይለሰልሳል ብሎ ከለከለኝ። ከዚያ የቀረበ ቅጠል ሲያጋጥመን ደግሞ፣ የአንዱን ፎቶ ፎከስ ቅጠሉ ላይ፣ የሌላውን ራቅ አድርገን እያነሣን ኋላ በኮምፒውተር እንድናዋህዳቸው አደረገ። እኔ ከሁሉ ያደነቅሁት ግን ከ20 ደቂቃ በኋላ ወደ መጀመሪያው ጅባራ መልሶኝ ፎከሱን እንደገና ማስፈተሹ ነው፤ ከመኪና ሙቀት የወጣ ሌንስ ብርድ ሲያገኘው ፎከሱ ትንሽ ሊንሸራተት እንደሚችል ማንም አስጠንቅቆኝ አያውቅም ነበር።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቀይ ቀበሮ በርቀት ብናይም ልንከተላት ስንል አልፈቀደልንም፤ ለእንስሳቱ ያለውን አክብሮት በዚህ አየሁ። በክፍያም ቢሆን ከተስማማንበት ሳንቲም አልጨመረም።

ያን ቀን ካነሣኋቸው አንዱን 60 በ90 ሴንቲሜትር አሳትሜ ሳሎን ሰቅየዋለሁ፤ በጅባራው ቅጠል ጠርዝ ላይ ያለው የውርጭ ቅንጣት ይቆጠራል፣ ከኋላው ቱሉ ዲምቱም ጥርት ብሎ ይታያል። ከእሱ ጋር ለመውጣት ካሰባችሁ ከጥቂት ቀናት በፊት ደውሉለት፤ ቀለበቱን በብርድ ለማዞር ጣቱ የሚገለጥ ጓንትና ጠንካራ ትራይፖድም ያዙ።