ስንብቱ እንዲህ መሆን አልነበረበትም፦ በጣና ዳር ስለቀረበው የአንጋፋው ባንድ ኮንሰርት

በባሕር ዳር፣ ከጣና ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ሰሞኑን የቀረበው የአንጋፋ ባንድ የስንብት ኮንሰርት፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ልጆቹን አስከትሎ፣ ገሚሱም ከሩቅ ወረዳ ድረስ ተሳፍሮ ለመጣው ታዳሚ የሚገባውን አልሰጠም። ይህን የምጽፈው የባንዱን ካሴቶች ክራቸው እስኪበጠስ ድረስ ካዳመጡት ሰዎች አንዱ ስለሆንሁ ነው። የባንዱንም ሆነ የሆቴሉን ስም የማልጠቅሰው አዛውንቶቹን በአደባባይ ማሳፈር ስለማልፈልግ ነው፤ በቦታው የነበረ ሁሉ ስለ ማን እንደምናገር ያውቃል። ማርጀታቸው ቅር አላሰኘኝም፤ ቅር ያሰኘኝ እርጅናቸውን ከእኛ ለመደበቅ የተደረገው ነገር ነው።

እንዲህ ያሉ ባንዶች ከየት እንደመጡ ለማያውቅ ወጣት ቅሬታችን የተጋነነ ሊመስለው ይችላል። በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ፣ በጎጃም ግሽ ዓባይ፣ በጎንደር ፋሲለደስ፣ በወሎ ላሊበላ የሚባሉ የኪነት ቡድኖች ነበሩ፤ ብዙ ሙዚቀኞችና ድምፃውያን የተገኙትም ከእነዚህ ነው። በአዲስ አበባ ዋሊያስ ባንድ በሂልተን፣ ሮሃ ባንድ በግዮን ሆቴል በሚጫወቱበት በዚያ ጊዜ ሰዓት እላፊ ታውጆ ስለነበር፣ ማታ የገባ ታዳሚ እስኪነጋ ድረስ ከሆቴሉ መውጣት አይችልም ነበር፤ ሙዚቀኛውም አብሮ ያነጋ ነበር። ካሴቱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ድምፃዊውና ባንዱ በአንድ ክፍል ውስጥ ሆነው በአንድ ትንፋሽ የሚቀዱት ስለነበር፣ የጊታሪስቱ ጣት ሲስት፣ የሳክስፎኑ ትንፋሽ ሲያጥር ይሰማ ነበር። የእኛ ጆሮ የተገራው በዚህ ነው። እነዚህን ሰዎች የወደድናቸው ሲጫወቱ እየሰማናቸው እንጂ ሲያስመስሉ እያየናቸው አይደለም።

የመግቢያ ዋጋው ለመደበኛ 1,500፣ ለቪአይፒ 4,000 ብር ነበር። ማስታወቂያው ከምሽቱ 12 ሰዓት ቢልም መድረኩ ላይ ሰው የታየው ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በዚህ መካከል ይቅርታ የጠየቀም ሆነ ምክንያት የነገረን ሰው አልነበረም። ዓሣ ጥብሱ ጥሩ ነበር፤ አስተናጋጆቹም ትሑቶች ነበሩ፤ ስለ ሆቴሉ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ስለ መድረኩ አቀማመጥ ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። አዘጋጆቹ ለፎቶግራፍ እንዲያምር ብለው ይመስለኛል፣ መድረኩን ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥተው፣ ድምፅ ማጉያዎቹን ወደ ከተማው አዙረው ተከሉት። በጣና ዳር የኖረ ሰው እንደሚያውቀው ቀን ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ሲመሽ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ አቅጣጫው ይገለበጣል። ስለዚህ ማታ ፊቱን ወደ ከተማው ያዞረ ድምፅ ማጉያ ነፋስን እየተቃረነ ነው የሚሠራው፤ እንዲህ ሲሆን ድምፁ ወደ ላይ እየታጠፈ ከኋላ ረድፍ ከተቀመጠው ሰው ራስ በላይ ያልፋል። በመደበኛ ቦታ የተቀመጥነው ቤዙ ደረታችንን እየመታን የግጥሙ ቃል ግን ተውጦ የቀረብን በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። የድምፅ ባለሙያው ቀን ላይ ብቻ ሳይሆን ማታም ሞክሮት ቢሆን ኖሮ መድረኩን ወደ ጎን ማዞር አያቅተውም ነበር።

ዋናው ጉዳይ ግን የተቀዳው ድምፅ ነው። ከሁለተኛው ዘፈን ጀምሮ ከኪቦርዱ አጠገብ አንድ ወጣት ላፕቶፕ ከፍቶ ተቀምጦ እንደነበር አስተውያለሁ። መጀመሪያ ላይ ለከበሮ ማጀቢያ መስሎኝ አልከፋኝም፤ ዛሬ ብዙ ባንድ እንደዚያ ያደርጋል። በኋላ ግን አንጋፋው ሳክስፎኒስት ላብ ለመጥረግ የመሣሪያውን አፍ ከከንፈራቸው አላቀው መሀረብ ሲያወጡ፣ የሳክስፎኑ ዜማ ሳይቋረጥ ቀጠለ። እርሳቸውም ደንገጥ ብለው መሣሪያውን ወደ አፋቸው መለሱት። ድምፃዊውም ማይክሮፎኑን ወደ እኛ ዘርግተው «እናንተ በሉት» ሲሉ፣ የእርሳቸው የወጣትነት ድምፅ ከካሴቱ እንደወጣ ሆኖ ከማጉያው መሰማቱን አላቆመም። አጠገቤ የተቀመጡት እናት፣ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው «እኛም እኮ አርጅተናል፤ ምን ያስደብቃል?» ሲሉ ሰማሁ። ልጅቷ መልስ አልሰጠቻቸውም።

ግማሽ ላይ ሲደርሱ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ሲነሣ ማጉያውና ማይክሮፎኖቹ ወዲያው ሠሩ፤ ላፕቶፑ ግን እንቢ አለ። ወጣቱ እያጠፋ ሲያበራው አዛውንቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ጊታሪስቱ ጎንበስ ብለው ክራራቸውን እንደሚቃኝ ሰው ገመዶቹን ቀስ ብለው ነካኩና ትዝታ ጀመሩ፤ በካሴቱ ላይ ከምናውቀው በግልጽ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የጀመሩት። ድምፃዊው የመድረክ ሣጥን ላይ ተቀመጡና ገቡበት። ድምፃቸው ሻክሯል፤ ከፍ ወደሚለው ቦታ ሲደርሱ አልሄዱበትም፣ ሰብረው ወደ ታች አመጡት፤ እስትንፋስ ሲያጥራቸው ሳክስፎኑ ተቀበላቸው። ያን ጊዜ የተቀረጸ ነገር አልነበረም፤ ሳክስፎኑ እየተንቀጠቀጠ ነበር የገባው። ግቢው በሙሉ ብድግ አለ። ስልኩን ወደ ላይ ያነሣ ሰው አላየሁም፤ ሁሉም አብሮ ይዘፍን ነበር። ከዚያ ላፕቶፑ ተነሣ፣ ወጣቱም እጁን አወጣ፣ ባንዱም ወደ ቀድሞው ነገር ተመለሰ። ካሳዘነኝ ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ አዛውንቶቹ ራሳቸው ከእጃቸው የወጣው ነገር ምን ያህል እንደሚበቃን ያላመኑ መሰለኝ።

ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው ቅኝትን ዝቅ አድርጎ መጫወት ነውር እንዳልሆነ ይመሰክራል። ሰው ሲያረጅ የድምፅ ጅማቱ የመለጠጥ ኃይሉ ስለሚቀንስ በላይኛው በኩል ያለው ስፋት ይጠብባል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች ደግሞ በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት እንጂ ከየት በመነሳታቸው የሚታወቁ አይደሉም። አንድ ድምፅ ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ቢሉ ትዝታው ያው ትዝታ ነው። አዝማሪውም ማሲንቆውን የሚቃኘው ለራሱ ድምፅ በሚመቸው መጠን ነው፤ ለዚህ ብሎ ማንንም ይቅርታ አይጠይቅም። ችግር የሚሆነው እንደ ሳክስፎን ላሉ የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች የጣት አወጣጡ ስለሚለወጥ ልምምድ መጠየቁ ብቻ ነው። ለዚህ ልምምድ ጊዜ ከመስጠት ይልቅ የድሮውን ድምፅ ከፍቶ መሸፈኑ ቀሎ የታያቸው አዘጋጆች ናቸው ብዬ አምናለሁ።

የስንብት ጉዞ የሚባለው ነገር በሌላው ዓለምም የአድናቂን እምነት ያጣው ያለ ምክንያት አይደለም። በከተማችን በተለይ በፖሊ (በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም) ተማሪዎች መካከል ከባድ ሙዚቃ የሚያዳምጡ ልጆች አሉ፤ ከእነርሱ ጋር ሳወራ ቅሬታቸው ከእኔ ጋር አንድ ሆኖ አገኘዋለሁ። የማሽን ጩኸት የመሰለ ምትን ከከባድ ጊታር ጋር አዋሕዶ ኢንዱስትሪያል ሜታልን ለብዙ አድማጭ ያደረሰው የቺካጎው ባንድ ሚኒስትሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የስንብት ጉዞ አድርጎ ተሰናበተ፤ በ2011 እንደገና ተሰባሰበ፤ ከዚያም አልበም እያወጣ ዓመታት ቀጠለ። ሌላው የአሜሪካ ሜታል ባንድ ስሌየር በ2019 ሎስ አንጀለስ አጠገብ የመጨረሻ ያለውን ኮንሰርት አቅርቦ በ2024 ወደ መድረክ ተመለሰ። የሮክ ባንዱ ሞትሊ ክሩ እንኳን ዳግም ላለመዞር ውል ፈርሞ እስከ 2015 መጨረሻ ከተጫወተ በኋላ በ2019 መመለሱን አስታውቋል። መመለሳቸው ኃጢአት አይደለም፤ ነገር ግን «ዛሬ ካላያችሁን መቼም አታዩንም» ተብሎ በዚያ ቃል የተሸጠ ትኬት ዋጋው በዚያ ቃል ላይ የቆመ ነው።

በሌላ በኩል ስንብትን የሚያውቁበት ሰዎች አሉ። እንግሊዛዊው የሜታል ድምፃዊ ኦዚ ኦዝበርን እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 በትውልድ ከተማው በበርሚንግሃም፣ በቪላ ፓርክ ስታዲየም ሲሰናበት፣ የፓርኪንሰን ሕመም ስላዳከመው ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር የዘፈነው። ድምፁ ደክሟል፤ ግን ሕመሙንም ወንበሩንም ማንም አልደበቀም፤ ሕዝቡም ያንኑ አውቆ አብሮት ዘፈነ። ከ17 ቀን በኋላ አረፈ። ከእኛም ማህሙድ አሕመድ በሰማንያዎቹ ዕድሜው በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በክብር ተሰናብቷል፤ የዋሊያስ ባንዱ ኪቦርዲስት ኃይሉ መርጊያም አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ሲነዳ ቆይቶ፣ የቀድሞ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ከታተመ በኋላ ከጥቂት ሙዚቀኞች ጋር ሆኖ ወደ መድረክ ተመልሷል።

የጣናው ኮንሰርት ትዝታውን ጨምሮ ከአንድ ሰዓት ብዙም አልዘለለም። ሊጠናቀቅ ሲል አስተዋዋቂው የቪአይፒ እንግዶች ብቻ ከባንዱ ጋር ፎቶ እንዲነሡ ጠራ፤ ሌሎቻችን፣ ከእነርሱም መካከል ካሴት ለማስፈረም ይዘው የመጡ ሽማግሌዎች፣ በገመድ ከልለው በጥበቃ ወደ በሩ ሸኙን። አድናቂ እንዲህ አይሸኝም።

ጉዞው ወደ ጎንደርና ወደ ደሴ እንደሚቀጥል ከመድረክ ተነግሯል። በዚያ ያላችሁ ወዳጆች ምክሬን ብትጠይቁኝ፣ ለቪአይፒ አትክፈሉ፤ መደበኛውን ግዙና ወደ መድረኩ ቀረብ በሉ፤ ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ዝግጅቱ ሙሉ በሙሉ በቀጥታ የሚቀርብ መሆን አለመሆኑን አዘጋጁን ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። አዘጋጆቹንም በአክብሮት የምለምናቸው ነገር አለ፤ ላፕቶፑን አዲስ አበባ ትታችሁ ኑ፣ ለድምፃዊው መደገፊያ ያለው ወንበር መድረኩ መሀል ላይ አስቀምጡላቸው፣ ቅኝቱንም እርሳቸው እንዲመርጡ ፍቀዱላቸው፣ ካሴት ይዞ የመጣውንም ሰው ገመዱን አንሥታችሁ አስገቡት።