«እንዴት ነው የሚጮኸው?» ብለው ለጠየቁኝ ሬዲዮ ጠጋኝ

ሐኪም ላመሰግን የመጣሁ እንዳይመስላችሁ። የማመሰግነው ሬዲዮ ጠጋኝ ነው።

የብረት በርና መስኮት ሠራተኛ ነኝ። 14 ዓመት ግራይንደር ስይዝ ጆሮዬን የሸፈንኩበት ቀን የለም። አምና ጆሮዬ ጭው ማለት ጀመረና በዚያው ቀረ። ቀን በሥራ ጫጫታ ይረሳል። ጉዱ ማታ ነው፤ ቤቱ ጸጥ ሲል እሱ ይነሳል። «ሰው እያማህ ነው» አሉኝ። 8 ወር ሙሉ የሚያማኝ ሰው አይደክመውም? ነጭ ሽንኩርት በዘይት ጨምርበት ያለኝም አለ። ጨመርኩ። እናንተ እንዳትሞክሩት።

በመጨረሻ አንገት በላይ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ብረት የሚቆርጥ ግራይንደር 100 ዴሲቤል አካባቢ ይጮኻል፤ ያለ መከላከያ በቀን ከ15 ደቂቃ በላይ አይመከርም። እኔ ቀኑን ሙሉ ነው የምውልበት። በጩኸት የሞቱት የውስጥ ጆሮ ሴሎች አይተኩም፣ ጭውታውን የሚያጠፋ ክኒንም የለም ሲለኝ ክው አልኩ። «ጸጥታ ውስጥ አትተኛ፤ ዝቅ ያለ ድምፅ ክፈት» ብሎ ሸኘኝ። ስልኬ ላይ የዝናብ ድምፅ ከፈትኩ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማስታወቂያ ገብቶ ከአልጋዬ አስፈነጠረኝ።

ያኔ የአባቴ አሮጌ ሬዲዮ ትዝ አለኝ። ጣቢያ ማዞሪያው ተበላሽቷል። መርካቶ ወስጄ ለምን እንደፈለግኩት ለሽማግሌው ነገርኳቸው።

«እንዴት ነው የሚጮኸው?» አሉኝ።

ሁሉም መቼ ጀመረህ ይለኛል እንጂ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። ግራይንደር ካጠፋኸው በኋላ ዲስኩ ገና እየዞረ ሲርርር የሚለውን ነው፣ ግን አይቆምም አልኳቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። የማዞሪያውን ክር አጠበቁና በኤፍኤም ጣቢያዎች መሃል ቀስ እያሉ «እንዲህ? ወይስ እንዲህ?» ይሉኝ ጀመር። አንድ ቦታ ላይ ቆርቆሮ ላይ ከሩቅ እንደሚዘንብ ዝናብ ሽሽሽ አለ። ዲስኩ እዚያ ውስጥ ገባ።

«እዚህ ጋ ተዉት ጋሼ!»

ከመሳቢያ ቀይ ኩቴክስ አውጥተው ቦታውን ነጥብ አደረጉበት። 350 ብር ብቻ ተቀበሉኝ።

ጆሮዬ ዛሬም ይጮኻል፤ ይህን ስጽፍም አለ። ግን ይቆም ይሆን ብዬ መጠበቁን ትቻለሁ። ድምፁን ከጭውታው ትንሽ ዝቅ አድርጌ እተኛለሁ። ባለቤቴ «ዝናቡን ክፈተው» ትለኛለች። ወርክሾፕ ውስጥም ጆሮውን ያልሸፈነ ልጅ ግራይንደር አይነካም።

በአንድ ጊዜ መስማት ያቃተው ሰው ግን ሬዲዮ ፍለጋ ሳይሆን በዕለቱ ወደ ሐኪም ይሩጥ።

አሮጌ ሬዲዮ ያላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ሱቃቸውን እጠቁማችኋለሁ። ከምሳ በፊት ሂዱ። ከምሳ በኋላ እሳቸውም አንዱን ሬዲዮ ሽሽሽ አስብለው ሸለብ ያደርጋቸዋል።