የቸርችል ጎዳና የአንቲካ ሱቆች፦ የመለዮ አርማ ለሚሰበስብ ሰው

በፖስታ ቤት አካባቢና በቸርችል ጎዳና ዳር ያሉት የአንቲካ ሱቆች የድሮ ሠራዊት አርማ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ መሄጃ ናቸው። አርማው ከመስቀሉና ከማርያ ቴሬዛ ብሩ ጋር ተደባልቆ ይቀመጣል። ትልቁ ጥቅማቸው ዕቃውን ገልብጦ ለማየት መፍቀዳቸው ነው፤ የአርማ ማንነት የሚታወቀው ከጀርባው ነውና።

አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽርና ትንሽ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ የሱቅ መብራት ስለሚያታልል ደጃፍ ላይ በቀን ብርሃን እዩት። በብረት ቅርጽ ተመትቶ የወጣ (ስስ ብረት በቅርጹ ተጨምቆ የተሠራ) አርማ የፊቱ ምስል ከጀርባው ጎድጉዶ ይታያል፣ ጠርዙም ስል ነው። ከዋናው ላይ ቅርጽ ተወስዶ ቀልጦ የፈሰሰው ቅጂ ሻካራና መርፌ የወጋው የመሰለ ቀዳዳ ያለበት ነው፤ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር በትንሹ ያንሳል፣ የአንበሳው ጋማም ይደበዝዛል። ጀርባው ሳይጎደጉድ ጠፍጣፋ ስለሆነ ብቻ ግን ቅጂ ነው ብላችሁ አትጣሉት፤ በዘመኑ በማቅለጥ የተሠሩም አሉ። ማግኔት ከሳበው ናስ የተቀባ ብረት ነው። አርማው ጠቁሮ ከጀርባው ያለው የማሰሪያ ቀለበት ብየዳ ካብረቀረቀ ቀለበቱ በቅርቡ የተተከለ ነው፤ ጥገናም ሊሆን ስለሚችል ዋጋ አስቀንሱበት።

ዘውዱን ሳታዩ ዘመን አትቀበሉ። በ1933 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር የገባ ነው ከተባለ የዘውዱ ቅስት ክብ ሆኖ ወደ ላይ የወጣ መሆን አለበት፤ መካከሉ የሰረጎደው እ.ኤ.አ. በ1952 የነገሠችው የንግሥት ኤልሳቤጥ ነው። የእኛም እንዲሁ ነው፦ ዘውድ የሌለውን አንበሳ «የክቡር ዘበኛ» ብሎ የሚሸጥ ሰው ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን የደርግ ዘመን ዕቃ ነው የሚሸጠው። የንጉሡ ዘመን አርማ የበለጠ ስለሚፈለግ ቅጂውም ወደዚያ ያደላል፤ ለጀማሪ የደርጉ ይሻላል።

የሱቆቹ ትልቁ ጥፋት አርማውን በማጽጃ ማሸታቸው ነው። ያልተነካ አርማ ስርጉዱ ጠቁሮ፣ የሚነካካው ጉብታ ፈክቶ ይገኛል፤ ሲታሽ ይህ ማስረጃ ይጠፋል። ዳር እስከ ዳር እኩል የጠቆረውም በኬሚካል ያረጀ ሊሆን ስለሚችል ያጠራጥራል።

ዋጋ አይለጠፍም፣ ተከራከሩ። «የጄኔራል እከሌ ነበር» ለሚል ወሬ ያለ ፎቶ ወይም ያለ ሰነድ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ። ከአገር ለማውጣት የምታስቡ ከሆነ ደግሞ ሳትገዙ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ስለ ፈቃድ ጠይቁ፤ ደረሰኙንም ያዙ።